ወንድሜ ያስቆፈረልኝ ገንዳ

ቤቴን መጀመሪያ የማውቀው በስልክ ነው። አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥሬ እየሠራሁ ቆቦ ላይ ቤት አሠራ ነበር። መሠረቱ ሲወጣ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ቆርቆሮው ሲመታ ታናሽ ወንድሜ ፎቶ እያነሳ ይልክልኛል። ሥራ ጨርሼ ጋደም ስል ፎቶዎቹን እያሰፋሁ አያለሁ። በረንዳው አለ፣ የብረት በሩ አለ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባው አጥር አለ። ሁሉም ፎቶ የተነሳው ከፊት ለፊት መሆኑን ያስተዋልኩት ከመጣሁ በኋላ ነው።

እናታችን ስትሞት ወንድሜ ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር። ሮቢት አጠገብ ካለው ቀበሌያችን የወጣሁት እሱን ላስተምር ብዬ ነው። አስተማርኩት። ተመርቆ አዲስ አበባ ሥራ ያዘ። ቤቱን ላሠራ ስነሳ ከሱ ሌላ ማንን ላምን? ከቤቱ በስተጀርባ የሚከራዩ ክፍሎች እንዲሠራልኝ ነግሬው ነበር። ጉልበቴ ሲደክም በክፍሎቹ ኪራይ ልኖር ነው ያሰብኩት። «ክፍሎቹስ?» ስለው «እየደረሱ ነው» ይለኛል።

የመጣሁ ቀን ዘመድ አዝማድ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እልል ተባለ። ወንድሜ እጄን ይዞ በሳሎኑ አሳልፎ ወደ ጓሮው በር ወሰደኝና «እታለም፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ። ጨፈንኩ። «ግለጪ» ሲለኝ ክፍሎቹ መቆም በነበረባቸው ቦታ ላይ የመዋኛ ገንዳ ነበር። ውስጡ ሰማያዊ ሴራሚክ ለብሷል። ባዶ ነው፤ ግርጌው ላይ አቧራና ደረቅ ቅጠል ተጠራቅሟል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ስዊሚንግ ፑል ነዋ! ቆቦ ውስጥ በግለሰብ ግቢ እንዲህ ያለ ያለው ያንቺ ብቻ ነው። ለሠርግ ይከራያል፣ ለፎቶ ይከራያል። የቆቦን ሙቀት ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ሰዉ ተሰልፎ ነው የሚገባው።»

«ሰው የሚጠጣውን ሳያገኝ ነው የሚዋኘው?»

ሳቀ። ቆመው የነበሩትም ሳቁ። እኔ አልቀለድኩም ነበር። ግን ዘመድ ተሰብስቦ፣ በግ ታርዶ፣ «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» እየተባልኩ፣ ክፍሎቼ የት ገቡ ብዬ መጮህ አቃተኝ። ዋጥኩት። ወንድሜ እንግዶቹ እንደተበተኑ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ስለ ገንዳው ስጠይቀው «ክረምት ይሙላው፣ ቀሪውን ስመጣ እናያለን» ብሎኝ ነው የሄደው።

ክረምቱም ሞላው። ዝናቡ ሲያባራ ውሃው መጀመሪያ ሻይ መሰለ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ሆነ፣ ከዚያ ከላይ ቆዳ አወጣ። እንቁራሪቱ የት ሰምቶ እንደመጣ አላውቅም፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ይንጫጫል። ትንኙ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ ጭስ ይነሳል። እኔ አጎበር ውስጥ ገብቼ አድራለሁ። አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ግን ያላት አንድ አልጋና አንድ የተቀደደ አጎበር ነው። ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸረች ሴት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት።

አንድ ጠዋት በሬን ደበደበችው። ስከፍት ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል።

«ልጄ ተቃጠለችብኝ» አለች።

«ምን ሆነች?»

«ወባ ነው አሉኝ። ሌላ ምን ትሆናለች?» በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ጓሮው አየች። «እኛ ውሃ እንጣ እንጂ፣ ግቢያችን ውስጥ አቁረን ቢምቢ አርብተን አናውቅም። አንቺ ከባሕር ማዶ መጥተሽ እዚህ ባሕር ሠራሽብን።»

ገንዳውን እኔ አላስቆፈርኩትም ልላት አሰብኩ። ምን ይጠቅማታል? ባጃጅ ጠርቼ ልጇን ጤና ጣቢያ አብሬያት ወሰድኩ። ልጅቷ ጭኔ ላይ ተኝታ ትንቀጠቀጣለች፤ ላቧ በቀሚሴ አልፎ ይሰማኛል። ኋላ ልጅቷ ዳነች። እናቷ ግን ሰላምታዬን በጎን ነበር የምትቀበለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ ገንዳውን ዞር ዞር ብላ አየችው። «እህቴ፣ ምርጫሽ ሁለት ነው፤ ወይ ድፈኚው፣ ወይ ንጹሕ አድርገሽ ያዢው። እንዲህ ሆኖ ግን አይቆይም» አለችኝ።

ለወንድሜ ደወልኩ። ልደፍነው ነው አልኩት። «አብደሻል? ስንት ወጥቶበታል!» አለኝ። ከማን ኪስ እንደወጣ አልተናገረም። «እታለም፣ በእናታችን፣ ትንሽ ታገሺኝ። ሰዎች ይዤ እመጣለሁ። ካዩት ሥራ ይሆናል።»

ያልደፈንኩት ግን እሱ ስለለመነኝ ብቻ አይደለም። ያ ሰማያዊ ሴራሚክ የኔ ላብ ነው። የሰው ሽንት ቤት ያጠብኩበት፣ የሰው ልጅ አቅፌ ያደርኩበት፣ እህል ሳልቀምስ የዋልኩበት ዓመት ነው እዚያ ላይ የተለጠፈው። አፈር ላልብሰው ሳስብ ራሴን የምቀብር መሰለኝ። እይዘዋለሁ አልኩ።

መጀመሪያ የቆሸሸውን ውሃ በተከራየሁት ፓምፕ አስወጣሁ። ሽታው ሰፈሩን አዳረሰው። ከዚያ ቀሚሴን ሰብስቤ ወርጄ መፈግፈግ ጀመርኩ። ሴራሚኩ ላይ የቆቦ ውሃ የሚተወው ነጭ ነገር እንደ ኖራ ጋግሯል፤ በቡሩሽ አልለቅ አለ። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ገዝቼ አፈሰስኩበት። ፈላ፣ ትንሽ ለቀቀ። በረኪና ብጨምርበት ደግሞ ጨርሶ ይነሳል ብዬ በላዩ ላይ ደፋሁበት።

የሚያፍን ጭስ ወጣና ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሰው በእጁ ያነቀኝ ነው የመሰለኝ። ዓይኔ ተቃጠለ፣ መሰላሉ ጠፋኝ። ሳሌን ከአጥር ወዲያ የሰማችው ያቺው ጎረቤቴ ናት። እንዴት እንደገባች አላውቅም፤ ክንዴን ይዛ ስትጎትተኝ፣ ጉልበቴ ጠርዙ ላይ ሲላጥ፣ ከዚያ መሬቱ ላይ ተደፍቼ ሳስመልስ ነው ትዝ የሚለኝ። አጠገቤ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ውሃ ነክራ ፊቴን ጠረገችልኝ።

«እግዜር ይስጥሽ» አልኳት ትንፋሼ ሲመለስ።

«ልጄን ጤና ጣቢያ ወስደሽልኝ የለ» አለችኝ። «አሁን የሰው ዕዳ የለብኝም።»

ተነስታ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በግምት መሥራት ፈራሁ። የማውቀው ሰው ፈለግኩ፤ ከተማው ውስጥ ገንዳ የሚያውቅ የለም። ያኔ የአሠሪዎቼ ቤት ትዝ አለኝ። እዚያም ጓሮ ውስጥ ገንዳ ነበር። እኔ ጠርዙ ላይ ተቀምጬ ትንሿን ልጅ እጠብቃለሁ፤ እንዳትሰምጥ ማየት ነው እንጂ ውሃው ውስጥ መግባት አይፈቀድልኝም። አንድ ቀን ሙቀቱ ሲበዛብኝ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ነከርኩ። ማዳም በመስኮት አየችኝ። ከሰዓት ገንዳውን የሚያጸዳው ሰው ያለ ቀኑ ተጠርቶ መጣ።

ያቺ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደግኳት ልጅ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ለበዓል በስልክ መልእክት ትልክልኛለች። ደወልኩላት። ፊቷ በስልኬ መስታወት ላይ ሲመጣ ደስ አለኝ። የመዋኛ ገንዳ እንዴት እንደሚያዝ ልትነግረኝ ትችል እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ሥራ አገኘሽ? የማን ቤት?» አለችኝ።

«የኔ ቤት ነው።»

«አይ፣ ገንዳው የማን ነው?»

«የኔ ነው አልኩሽ እኮ።»

ሳቋ መጣ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እንዲያመልጣት ያልፈለገችው ግን ያመለጣት ሳቅ ነው። «እማ!» ብላ ጮኸች ወደ ጀርባዋ። «ገንዳ አላት! እቤቷ!» የማዳም ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ ያንን ድምፅ ስሰማ ሳላስበው ከተቀመጥኩበት ተነስቻለሁ። «ከየት አምጥታ?» አለች ማዳም። «እቃ ጠፍቶብን ያውቃል?»

ልጅቷ ፊቷ ቀላና ስልኩን ይዛ ከክፍሉ ወጣች። «እማ እየቀለደች ነው» አለችኝ። እኔ ማዳም ስትቀልድ ሰምቼ አላውቅም። ልዘጋው ነበር፤ ግን ገንዳው አፉን ከፍቶ እየጠበቀኝ ነው። «እሺ፣ የክሎሪን ዱቄቱ የሚጨመረው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

ልጅቷ አላሳፈረችኝም። ገንዳቸውን የሚያጸዳውን ሰው እየጠየቀች፣ ሲሠራም በቪዲዮ እየቀረጸች ትልክልኝ ጀመር። ክሎሪን ፀሐይ እንዳይበላው አመሻሽ ላይ ነው የሚጨመረው። ከአሲድ ጋር በፍጹም አይገናኝም። ማጣሪያው ውስጥ ያለው አሸዋ ሲታፈን ውሃውን በተቃራኒ አቅጣጫ ልኮ ማጠብ ያስፈልጋል። ግድግዳው ባይቆሽሽም ይቦረሻል። ክሎሪኑን ከአዲስ አበባ በሚመጡ አውቶቡሶች አስመጣሁ፤ ከገንዳው ጋር ተገጥሞ ሳይሠራ የቆመውን የማጣሪያ ዲናሞ የከተማው ዲናሞ ጠጋኝ አስነሳልኝ።

የሚከብደው መሙላቱ ነበር። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው፤ እሱን ገንዳ ውስጥ መልቀቅ ነውር ሆነብኝ። ለመስኖ ከተቆፈረ ጉድጓድ በቦቴ አስመጣሁ። ቦቴው ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ ቦኖው ጋ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ለነሱ የመጣ መስሏቸው ተነሱ። ሾፌሩ አልፏቸው መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። ሴቶቹ ተከትለው መጡ። ውሃው ገንዳው ውስጥ ሲወርድ ድምፁ እስከ መንገድ ይሰማል፤ እኔ ግን ስሰማ የነበረው የነሱን ዝምታ ነው። ሾፌሩን ለመንኩት፣ ጀሪካናቸውን ሞላላቸው። ሞልተው ሄዱ። ስሜን ከዚያ በኋላ ማንም አልጠራውም፤ «ባለ ባሕሯ» ሆኜ ቀረሁ።

ውሃው ጠራ። እውነቱን ለመናገር ሲጠራ ያምራል። ግን ቆቦ ላይ የጠራ ውሃ ማቆየት ሥራ ነው። ከሜዳው የሚነሳው ንፋስ አቧራውን፣ የማሽላ ገለባውን፣ የፕላስቲክ ከረጢቱን አምጥቶ ይጥልብኛል። ጠዋት በመረብ እለቅማለሁ፣ ቀትር ላይ ተመልሶ ሞልቷል። መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ይቆማል፤ ውሃው መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ግድግዳው ያዳልጣል። እጄ በክሎሪን ተሰነጣጠቀ፤ ሽታው ከፀጉሬ አልለቅ አለ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። አረብ አገር ስሠራ ከእጄ የማይለየው እሱ ነበር። እየቦረሽኩ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ይኼን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት መልሼ ይኼንኑ ልሠራ ነው?

አንድ ከሰዓት፣ ሙቀቱ የሰው ትንፋሽ በመሰለበት ሰዓት፣ በሩን ቆልፌ በቀሚሴ ገባሁ። መዋኘት አልችልም። መሰላሉን ይዤ እስከ ደረቴ ወረድኩ። ቀሚሴ ተነፍቶ ዙሪያዬን ተንሳፈፈ። ውሃው ቀዘቀዘኝ፣ ገላዬ ቀለለኝ። ማንም አልጠራኝም፣ ማንም በመስኮት አላየኝም። ብዙ ቆየሁ። ስወጣ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አሁንም ለይቼ አላውቀውም። ከዚያ ወዲያ ደግሜ አልገባሁም።

ዳግማ ትንሣኤ ሰሞን ወንድሜ ደወለ። «ሰዎቹን ይዤ እየመጣሁ ነው» አለ። ቤቱን አጸዳሁ፣ ዶሮ ሠራሁ፣ ውሃውን በመረብ እየደጋገምኩ አሰስኩ። በሁለት መኪና መጡ። ወንዶቹ መነጽር አድርገዋል፣ ሁለት ሴቶችም አብረዋቸው አሉ። ወንድሜ ጉንጬን ስሞ ወደ እንግዶቹ ዞረና «ቤቱን የምትይዝልኝ እሷ ናት» አላቸው።

ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቆመ። የምትይዝልኝ። ምናልባት ቸኩሎ ይሆናል አልኩ። እህቴ ናት ሊላቸው ነው፣ አሁን ይላቸዋል እያልኩ ጠበቅኩ። በሉ፣ ጠጡ፣ ልብሳቸውን ለውጠው ገቡ። «አንተ፣ ይኼን የመሰለ ቤት ደብቀህ!» ይሉታል። እሱ ይስቃል። «ዲዛይኑን ራሴ ነኝ ያወጣሁት» ይላል። ውሃው እንዴት እንዲህ ጠራ ብሎ አንዱ ሲጠይቀው «ሲስተም አለው» አለ።

ከሴቶቹ አንዷ ወጥታ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። «እህት፣ ፎጣ ታቀብይኛለሽ?» አለችኝ በትሕትና። እግሬ ቀድሞኝ ሄደ። ከቁም ሳጥን የራሴን ፎጣ አውጥቼ፣ አጣጥፌ፣ በሁለት እጄ ሰጠኋት። ከዚያም እንደ ለመድኩት ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብዬ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ወንድሜ ከውሃው ውስጥ ሆኖ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ዓይኑን አዞረና ጠለቀ።

እንግዶቹ መኪና ውስጥ ሲገቡ ወንድሜን ማድ ቤት ጠራሁት።

«የምትይዝልኝ ማለት ምን ማለት ነው?»

«እታለም፣ ቃል አትሰንጥቂ።»

«እህቴ ናት፣ ቤቱ የሷ ነው ማለት ምን ይከብዳል?»

ወደ በሩ አየ። «ሥራ የሚሰጡኝ ሰዎች ናቸው። በእህቱ ቤት ነው የሚኮራው እንዲሉኝ ነው የምትፈልጊው?»

«አዎ። እንዲሉህ ነው የምፈልገው።»

«ደግሞ እኔ ፎጣ አምጪላት አላልኩሽም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ራስሽ ነሽ ጎንበስ ቀና ያልሽው። እኔ ባስተዋውቅሽም ባላስተዋውቅሽም፣ ምን እንደሆንሽ ያኔ ራስሽ ነገርሻቸው።»

ከተናገረው ሁሉ ያመመኝ እውነት የነበረው ነው። መኪናው ጥሩምባ ነፋ፤ ወንድሜ እርጥብ ፀጉሩን በእጁ እያስተካከለ ወጣ። ገንዳው ዙሪያ ጠርሙስና የሲጋራ ቁራጭ፣ ውሃው ላይ የብርቱካን ልጣጭ ነበር። በነጋታው ለቀምኩት። ክሎሪን ግን አልጨመርኩም።

ጎረቤቴ ያን ሰሞን ለራሷ ተጨማሪ ክፍል ልታቆም ማገርና ግድግዳውን አሠርታ ጨርሳለች። ጭቃ የሚያቦኩላት ሰዎች ቆመዋል፣ ውሃ የለም። በሬን አንኳኳች።

«ውሃሽን ለጭቃ ትሰጪኛለሽ?» አለችኝ። ወደ ውስጥ አልገባችም።

«ሁሉንም ውሰጂው።»

«ሁሉንም?»

«እስከ ታች።»

አላመነችኝም መሰለኝ፤ ፊቴን ትንሽ አየችው። ከዚያ ሰዎቹ ጎማ በአጥሩ ላይ አሳልፈው ዘረጉና ፓምፑን አስነሱ። ጭዱን አፈሩ ላይ በትነው ውሃዬን እየለቀቁ በእግራቸው ረገጡት። ቀን በቀን ሰማያዊው ሴራሚክ ከጠርዙ ወደ ታች እየተገለጠ ሄደ። ክፍሏ ሲመረግ ለማየት ሄድኩ፤ ድንች ወጥ አቀረበችልኝ፣ ስለ ገበያው ጥቂት አወራን። ልጅቷ እጄን ሳመችኝ። የወባውን ነገር ግን እሷም አላነሳችው፣ እኔም አላነሳሁት። እንደ ድሮ ጎረቤት ሆንን ብል እዋሻለሁ።

ኅዳር ላይ ማሽላው ሲቆረጥ አገዳውን የምታኖርበት ቦታ እንዳጣች ነገረችኝ፤ አንዲት ላም ገዝታ ነበር። ክረምት ያጠራቀመውን ውሃ በየጊዜው በፓምፕ እያስወጣሁ ባዶ አድርጌው ስለነበር ገንዳው ውስጥ ከምሪው አልኳት። ከታች ድንጋይ ደርድረን፣ በላዩ እንጨት ረብርበን አገዳውን እስከ ጠርዙ ከመርነው። ከዝናብ እንዲያድነው ከላይ ሸራ አለበስነው።

ወሬው አዲስ አበባ ለመድረስ አልዘገየም። ወንድሜ ደወለ።

«ገንዳውን አገዳ ሞላሽው አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ሰውን ልታስቂብኝ ነው?»

«የማን ቤት ነው?» አልኩት።

«ምን?»

«ዝም ብለህ ንገረኝ። የማን ቤት ነው?»

አንዲት ቃል ነበረች ከሱ የምፈልገው፤ እሷን ብቻ ቢላት አገዳውን በጥርሴም ቢሆን አወጣው ነበር። «ስታወጪው ደውዪልኝ» አለና ዘጋው።

አልደወልኩም። እሱም አልደወለም። አሁን ዘመዶች ሊያስታርቁን ይመላለሳሉ። ለገና መጥተው በረንዳው ላይ ደርድሬ አስቀመጥኳቸው። «የእናትሽ ልጅ ነው» ይላሉ። «ከሱ ሌላ ማን አለሽ?» ይላሉ። አንደኛው አጎታችን ጠላውን አስቀምጦ «ለመሆኑ ምን በደለሽ? ማንም የሌለውን ገንዳ ሠራልሽ እንጂ» አለኝ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝና፣ ተነስቼ ጠላ ቀዳሁለት።